ክፍሉ ሲሞቅ ራም እንዳይግል፦ ደረጃ በደረጃ

ጠዋት ኮምፒውተሩ ሰላም ነው። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ሲሞቅ ጌሙ በመሀል ይዘጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ወይም ትልቅ ዚፕ ፋይል ስትፈቱ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላችኋል። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ያው ፋይል ያለምንም ችግር ይከፈታል። እንዲህ ዓይነት ጸባይ ካያችሁ ራሙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ እየሠራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበትን ክፍል ጠርጥሩ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ሳይለካ ስለሚገዛ ነው። የሚለጠፍ ብረት ይገዛል፣ ባለመብራት ፋን ይጨምራል፣ ለውጥ የለም። በአየር የሚቀዘቅዝ ዕቃ መቼም ከክፍሉ አየር በታች አይወርድም። ክፍሉ 8 ዲግሪ ሲጨምር ራሙም በግምት 8 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ሥራችሁ አንድ ቁጥር መቀነስ ነው፦ በራሙና በክፍሉ ሙቀት መካከል ያለውን ልዩነት።

ስንት ዲግሪ ነው ብዙ?

ራም መረጃ የሚይዘው በጣም ጥቃቅን በሆኑ ካፓሲተሮች ውስጥ ነው። የያዙት ቻርጅ በራሱ ጊዜ ይፈሳል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት። ሲሞቅ ደግሞ አፈሳሰሱ ይፈጥናል። ዲዲአር4 (DDR4፣ ከዲዲአር5 በፊት የነበረው የራም ትውልድ) እስከ 85 ዲግሪ ድረስ ሁሉንም በ64 ሚሊሰከንድ አንዴ እንዲያድስ ነው የተሠራው፤ ከ85 እስከ 95 ግን በ32 ሚሊሰከንድ መታደስ አለበት።

«እስከ 85 ምንም አይልም» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፣ ግን የሚያወራው በመደበኛ ፍጥነትና ቮልቴጅ ስለሚሠራ ራም ነው። ኤክስኤምፒ (XMP) ወይም ኤክስፖ (EXPO) የሚባለውን የራም ማፍጠኛ ቅንብር ካበራችሁ ራሙ ከመደበኛው በላይ እየሮጠ ነው። ታይሚንጉን (ራሙ መልስ ለመስጠት የሚወስደውን ጊዜ) ሰው በእጁ ካሳጠረውማ በ50ዎቹ ውስጥም ስህተት ሊጀምር ይችላል። እኔ የምሄድበት መስመር ይኼ ነው፦ ከ50 በታች ከሆነ አትንኩት። ከ50 እስከ 60 ከሆነ ቀጥሎ ያለውን ጀምሩ። ከ60 ካለፈና ኮምፒውተሩ እየዘጋባችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ሥሩት።

አዘጋጁ

ካቻቢቴ፣ ለስለስ ያለ ብሩሽ፣ አንድ የክፍል ቴርሞሜትር፣ ጥቂት የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ቀጭን ሶፍት ወረቀት፣ የምትጽፉበት ደብተር። ፋን አሁን አትግዙ። ደረጃ 3 ላይ ያስፈልግ እንደሆነ ይታወቃል።

ከሁሉ በፊት አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ራም ሲሳሳት ዝም ብሎ አይዘጋም። የተሳሳተውን ነገር ዲስክ ላይ ሊጽፈው ይችላል።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱን ለኩ

1. ቴርሞሜትሩን ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሣጥን) አየር በሚስብበት በኩል፣ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከኬዙ ኋላ ካስቀመጣችሁት የሚለካው ኮምፒውተሩ የተነፈሰውን አየር ነው።
2. ኤችደብሊውኢንፎ (HWiNFO) የሚባለውን የሙቀት ማሳያ ፕሮግራም ጫኑና የሴንሰር ገጹን ክፈቱ። ወደ ታች ወረድ ስትሉ የእያንዳንዱ ራም ሙቀት በስሙ ተዘርዝሯል።
3. ኮምፒውተሩን የሚያስቸግራችሁን ሥራ ለ30 ደቂቃ አሠሩት። ራም ቶሎ አይግልም፣ 5 ደቂቃ አይበቃም።
4. የራሙን ከፍተኛ ቁጥርና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ። ቀንሱ። ክፍሉ 31፣ ራሙ 58 ከሆነ ልዩነታችሁ 27 ነው።

ቁጥሩ የማይታይ ከሆነስ? ዲዲአር5 ላይ ሴንሰር ማግኘት የተለመደ ነው። ዲዲአር4 ግን ብዙው የለውም። እንደዚያ ከሆነ ቀጭን ሽቦ ያለው የሙቀት መለኪያ ራሙ ጎን ላይ ሙቀት በሚችል ቴፕ ለጥፉ። በርቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ መለኪያ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ይዋሻል፤ የግድ እሱን ከተጠቀማችሁ ጥቁርና የማያብረቀርቅ ቴፕ ቁራጭ ብረቱ ላይ ለጥፉና ቴፑን ለኩ።

ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ ወይም ድንገት የማይታመን ነገር ካሳየ፣ የራሙን መብራት የሚቆጣጠረውን ሶፍትዌር ዝጉ። ሁለቱ ፕሮግራሞች በአንድ መስመር ነው ራሙን የሚያናግሩት፣ ሲጋጩ ንባቡ ይበላሻል።

ደረጃ 2፦ ጥፋቱ የሙቀት መሆኑን አረጋግጡ

1. ክፍሉ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት ቴስትሜም5ን (TestMem5) ወይም ተመሳሳይ የራም መፈተሻ ለአንድ ሰዓት አሠሩ።
2. ክፍሉ ሲሞቅ ያንኑ ፈተና ድገሙ። አሁን ግን ጎን ለጎን ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራ ነገርም ክፈቱ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሜምቴስት86 (MemTest86) የሚባለውን የራም መፈተሻ ከፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ይፈትናል፣ ስህተት ዜሮ፣ «ራሜ ጤነኛ ነው» ይላል። ያ ፈተና ሲካሄድ ግን ግራፊክስ ካርዱ ተኝቷል። በጌም ሰዓት ራሙን የሚያግለው ከሥሩ የሚነሳው የካርዱ ትኩስ አየር ነው። ፈተናው ያንን አላየውም።

ስህተት የሚመጣው በሙቀት ብቻ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። በብርዱም በሙቀቱም ከመጣ ኤክስኤምፒውን አጥፉና ድገሙት፤ አሁንም ከመጣ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የታመመውን ፈልጉ፣ ማቀዝቀዝ አያድነውም። በሁለቱም ካልመጣ ራሙን ለቀቅ አድርጉትና ፓወር ሰፕላዩን፣ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን እዩ።

ደረጃ 3፦ የጎን ሽፋኑን ከፍታችሁ ሞክሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። ምንም ወጪ የለውም፣ ቀጥሎ የት እንደምትሄዱ የሚነግራችሁም እሱ ነው።

1. ኮምፒውተሩን አጥፉና የጎን ሽፋኑን አውልቁ። ሽፋኑ መስታወት ከሆነ የመጨረሻውን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት በሌላ እጃችሁ ደግፉት፣ ካወለቃችሁ በኋላም ጠንካራ ወለል ላይ በጠርዙ አታቁሙት።
2. አስነሱና የደረጃ 1ን ሥራ ድገሙ። ልዩነቱን ጻፉ።
3. አሁን የክፍል ቬንቲሌተር አንድ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቁሙና ወደ ራሙ እንዲነፍስ አድርጉ። 15 ደቂቃ ጠብቁ። እንደገና ጻፉ።

ሽፋኑ በመከፈቱ ብቻ ልዩነቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ ታፍኗል ማለት ነው። ደረጃ 4 እና 5 የእናንተ ናቸው። መክፈቱ ምንም ሳይለውጥ ቬንቲሌተሩ ግን ካወረደው፣ ኬዙ ውስጥ አየር አለ፣ ራሙ ጋ ግን አይደርስም፤ ደረጃ 7። ሁለቱም እምብዛም ካልለወጡት ራሙ ራሱ ብዙ ሙቀት እያመነጨ ነው፤ ደረጃ 8።

በቃ ክፍቱን ልተወው የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል። አይሆንም። አቧራው በወር ውስጥ የተገኘውን ትርፍ ይበላዋል፣ ከፊት የሚገባው አየርም ራሙ ጋ ሳይደርስ በጎን ይወጣል።

ደረጃ 4፦ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ አጽዱ

1. ኮምፒውተሩን አጥፉ። የፓወር ሰፕላዩን ማጥፊያ ዝጉ። ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ።
2. የማስነሻ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል።
3. ቀለም ያልተቀባ የኬዙን ብረት ንኩ። በየመሀሉም እየነካችሁ ሥሩ። ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሳይሰማችሁ ነው ራም የሚገድለው።
4. የፊት ማጣሪያውን አውጥታችሁ አራግፉ። ሙቀት የሚያባብሰው አቧራ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፣ ራሙ ላይ አይደለም።
5. ፋኖቹን በብሩሽ ጥረጉ። የአየር መንፊያ ከተጠቀማችሁ ክንፎቹን በጣታችሁ ያዙ፤ ፋን በግፊት ከመጠን በላይ ሲሽከረከር ይበላሻል።
6. የቤት አቧራ መሳቢያ ማሽን ማዘርቦርዱ አጠገብ አታድርሱ። አፉ ላይ ስታቲክ ይፈጥራል።

ራሙን ከነቀላችሁ ጠርዙን ብቻ ያዙ፣ ወርቃማውን ጥርስ አትንኩ። ስትመልሱ መቆለፊያው ቀጭ እስኪል ግፉት። ካጸዳችሁ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሙ በደንብ አልገባም ማለት ነው። አጥፉ፣ ንቀሉ፣ እንደገና አስገቡ።

ሁለት ራም ብቻ ካላችሁና ማዘርቦርዱ አራት ማስገቢያ ካለው፣ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ነው። በመሀላቸው አየር ያልፋል። አራቱም ሲሞሉ የመሀሎቹ ሁለቱ ይታፈናሉ።

ደረጃ 5፦ የአየሩን መንገድ አስተካክሉ

መመሪያው አንድ ነው፦ ከፊት ይግባ፣ ከኋላና ከላይ ይውጣ።

1. የእያንዳንዱን ፋን አቅጣጫ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የክንፎቹን መሀል የሚደግፉት አግዳሚዎች ባሉበት በኩል ነው አየሩ የሚወጣው። ብዙዎቹ ጠርዛቸው ላይ ቀስትም አላቸው።
2. አስነሱና ቀጭን የሶፍት ወረቀት ቁራጭ ከኬዙ ውጭ በኩል እያንዳንዱ ፋን ፊት ያዙ። ወረቀቱ ወደ ፋኑ ከተሳበ ያስገባል፣ ከተገፋ ያስወጣል። ከራሙ በላይም ወረቀቱን ያዙት፣ ጣቶቻችሁን ግን ከፋኖቹ አርቁ። እዚያ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩን አገኛችሁት።
3. የተገለበጠ ፋን ካለ አዙሩት። ከፊት ሁለት ወይም ሦስት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ለብዙ ኬዝ ይበቃል።
4. ከላይ፣ ወደ ፊት ተጠግቶ የተገጠመ አስወጪ ፋን ካለ ለሙከራ ንቀሉት። ከፊት የገባውን ቀዝቃዛ አየር ራሙ ጋ ሳይደርስ ይሰርቀዋል። ከላይ አንድ ካስፈለገ ወደ ኋላ ተጠግቶ ይሁን።
5. ራሙ ፊት ለፊት የተጠቀለለ ገመድ ካለ ከማዘርቦርዱ ጀርባ አሳልፉት።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ፕሮሰሰር ያላችሁ እዚህ ላይ ቆም በሉ። የተለመደው ትልቁ የማማ ኩለር (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቆመው ባለፋን ማቀዝቀዣ) ፕሮሰሰሩን ሲያቀዘቅዝ ሳታስቡት ራሙ አጠገብ ያለውን አየርም ያንቀሳቅሳል። ወደ ውሃ ስትዞሩ ያ ነፋስ ጠፋ። ፕሮሰሰሩ ቀዝቅዞ ራሙ የባሰበት ለዚህ ነው። ራዲያተሩ (ውሃው የሚቀዘቅዝበት ክፍል) ከላይ ተገጥሞ አየር የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ በፕሮሰሰሩ የሞቀውን አየር በቀጥታ ራሙ ላይ ነው የሚያወርደው። ወደ ማስወጣት አዙሩት።

ለውጥ ስታደርጉ አንድ በአንድ አድርጉ፣ በየለውጡ ለኩ። ሦስት ነገር በአንዴ ከለወጣችሁ የቱ እንደሠራ፣ የቱ እንደጎዳ አታውቁም።

ደረጃ 6፦ ጎረቤቱን አብርዱ

ራሙ የሚግለው በጌም ሰዓት ብቻ ከሆነ ጣታችሁን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ቀስሩ። አሁን የሚሠሩ ብዙ ካርዶች የኋላ ጫፋቸው ክፍት ነው፣ አንዱ ፋን አየሩን አሳልፎ ወደ ላይ ይተፋዋል። ካርዱ ይመቸዋል፣ ራሙ ትኩሱን ይጠጣል።

በካርዱ ሶፍትዌር የኃይል ገደቡን ከ100 ወደ 85 በመቶ አውርዱ። የጌሙንም የፍሬም ብዛት (በሰከንድ የሚሠራውን ምስል ቁጥር) ስክሪናችሁ ከሚያሳየው በላይ እንዳይሄድ ወስኑት። የምታጡት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፣ ኬዙ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ግን በግልጽ ይቀንሳል። ፋን ከመግዛት በፊት ይህን ሞክሩ።

ደረጃ 7፦ ራሙ ላይ ፋን

ደረጃ 3 ላይ ቬንቲሌተሩ ለውጥ ካመጣ ብቻ ነው ይህ የሚጠቅመው።

1. 120 ሚሊሜትር ፋን ምረጡ። 40 ሚሊሜትሩ ይሠራል፣ ጩኸቱ ግን ያሰለቻል።
2. ነፋሱ ወደ ራሞቹ እንዲሆን አድርጋችሁ ኬዙ ወይም ኩለሩ ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። ከራሙ ጫፍ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ይራቅ። ራሙ ላይ አታስደግፉት፤ ክብደቱና ንዝረቱ ማስገቢያውን ይጎዳል።
3. ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት የኬዝ ፋን ሶኬቶች በአንዱ ሰኩ። ብዙዎቹ የሚችሉት 1 አምፒር ነው፣ ስለዚህ በአንድ ሶኬት ላይ ብዙ ፋን አታንጠልጥሉ።
4. የተረፈውን የማሰሪያ ጭራ ቁረጡ። ክንፉን በእጃችሁ አሽከርክሩና የሚነካው ነገር እንደሌለ እዩ።
5. ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ የፋኑ ፍጥነት በፕሮሰሰሩ ሙቀት እንዳይወሰን አድርጉ፣ በቋሚ መካከለኛ ፍጥነት ይሽከርከር። ፕሮሰሰሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ራሙ የሚግልበት ጊዜ አለና።

የሚለጠፍ ብረትስ? አየር ከሌለ ሙቀቱን ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ የትም አይወስደውም። ከፋብሪካ የመጣውንም ሽፋን አትላጡ። ሙጫው ቺፑን ይዞ ሊነሳ ይችላል፣ ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 8፦ ባዮስ ውስጥ ሙቀቱን ከምንጩ ቀንሱ

የዲዲአር4 መደበኛ ቮልቴጅ 1.2 ነው፣ በኤክስኤምፒ ብዙውን ጊዜ 1.35 ይሆናል። ዲዲአር5 በመደበኛው 1.1 ነው፣ በኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ ወደ 1.25፣ 1.35፣ አንዳንዴም 1.4 ይወጣል። ዲዲአር5 ቮልቴጅ የሚያስተካክለውን ቺፕ ራሱ ላይ ነው የተሸከመው፤ ያም ይግላል።

1. ባዮስ ውስጥ አሁን ያለውን የራም ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።
2. ቲአርኢኤፍአይ (tREFI) የሚባለውን ቁጥር ወደ አውቶ መልሱ። ራሙ በምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ የሚወስነው እሱ ነው። ለፍጥነት ብሎ ያራዘመው ሰው ካለ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ስህተት ከዚህ ሊሆን ይችላል።
3. ካልበቃ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ አውርዱ። 3600 ከነበረ 3200፣ 6000 ከነበረ 5600።
4. ከዚያ በኋላ ብቻ ቮልቴጁን በ0.02 እየቀነሳችሁ በየቅነሳው ደረጃ 2ን ድገሙ።

ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ፍጥነቱን ሳታወርዱ ቮልቴጁን ከቀነሳችሁ ራሙ በጉልበት ማነስ ይሳሳታል፣ እናንተ ግን ሙቀት መስሏችሁ ፋን ትገዛላችሁ።

ከለውጡ በኋላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቆየ ማጥፊያውን ለመጫን አትቸኩሉ። ዲዲአር5 ራሱን እስኪያስተካክል ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ ምንም ከሌለ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ክሊር ሲሞስ (Clear CMOS) የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ቁልፍ ከሌለ ክቧን ሲአር2032 ባትሪ ለ5 ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ። ባዮሱ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ነው ያለ ሰው ሙቀቱ እስኪያልፍ ኤክስኤምፒውን ያጥፋው። ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለቢሮ ሥራ ልዩነቱን አታዩትም።

ደረጃ 9፦ ኬዙ ያለበት ቦታ

በር ባለው የጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ ከሆነ አውጡት፤ የተነፈሰውን መልሶ ይስባል። ከግድግዳው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር አርቁት፣ ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት። 400 ዋት የሚበላ ኮምፒውተር 400 ዋት ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ያፈሳል፣ በሩን ዘግታችሁ ከተቀመጣችሁ ክፍሉን የሚያሞቀው እሱ ነው። በሩን ክፈቱ።

በውሃ ትነት የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ ካላችሁ ወደ ኬዙ አታዙሩት፣ እርጥበት ነው የሚረጨው። በረዶና እርጥብ ጨርቅማ ጨርሶ አይታሰብም። ከቀዝቃዛ ክፍል ወደ ሞቃትና እርጥበታም ክፍል ያዛወራችሁት ኮምፒውተር ላይ ጤዛ ሊያዝ ይችላል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ይብራ።

ላፕቶፕ ከሆነ

አማራጩ ጠባብ ነው። ሥሩን ከፍ አድርጉ፣ አልጋና ትራስ ላይ አትጠቀሙ፣ የአየር ቀዳዳውን አጽዱ፣ የኃይል ገደቡን አውርዱ። ራሙና የታችኛው ሽፋን መሀል የሙቀት ፓድ (ሙቀት የሚያሳልፍ ለስላሳ ንጣፍ) ማስገባት የሚረዳበት ጊዜ አለ፣ ሽፋኑ ብረት ከሆነና ፓዱ ልክ ከሆነ። ሽፋኑን ለመዝጋት መጫን ካስፈለጋችሁ ፓዱ ወፍሯል፣ አውጡት።

ሁሉንም አድርጋችሁ አንዱ ራም ብቻ ከባልንጀራው በብዙ ዲግሪ ከበለጠ ቦታቸውን አቀያይሩ። ሙቀቱ ቦታውን ከተከተለ የአየር ጉዳይ ነው፣ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። ራሙን ከተከተለ ግን ዕቃው ነው። ዋስትና ካለው መልሱት፣ በጥንድ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚጠይቋችሁ።